ማንም ያልደረሰበት ዳኛ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ላሟ ገባች ወይ?

ገባች።

እንግዲያስ በረቱን ዝጉና ተጠጋጉ። እግራችሁን ሰብስቡ። ይህ ተረት ረጅም መንገድ ይሄዳል።

በድሮ ዘመን ገደል ግቢ የሚባል አገር ነበረ። አርባ ጎጆ ነበረበት። ዙሪያው ገደል ነው፤ ሰማዩ ራሱ ከዚያ ሲታይ እንደ ምጣድ ክዳን ጠባብ ነው ይባላል። በዚያ አገር ሹም አልነበረም። ጭቃ ሹም የለ። ወታደር የለ። ግብር ሰብሳቢ የለ። ለምን የለም ብትሉኝ መንገዱ ነው። ቁልቁለቱ ከባድ ነበርና የሹሙ በቅሎ አልወርድም አለች። ሹም ደግሞ ከበቅሎው ከወረደ ማን ሹም ይለዋል? ስለዚህ በየዓመቱ እገደሉ አፋፍ ድረስ ይመጣና ቁልቁል ያያል። «ደኅና ናችሁ?» ብሎ ይጮኻል። ከታችም «ደኅና ነን» ይሉታል። እሱም አገር አስተዳደርኩ ብሎ ይመለሳል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው ያለ ገዢ መኖር አይችልም። ይህ የታወቀ ነው። የነገሩን ገዢዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከነሱ በላይ ማን ያውቃል? ገዢ ከሌለ ሰው ሰውን ይበላል ብለዋል። በገደል ግቢ ግን ሰው ሰውን አልበላም። በግም ቢሆን የሚበላው በበዓል ነበር። ይህ እንዴት ሆነ? እኔም አያቴ ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ገደል ግቢ ሹም ባይኖራትም ዳኛ ነበራት። ዳኛው ያለው ግን እዚያ አይደለም። የአራት ቀን መንገድ ርቆ፣ መንበር ሜዳ በሚባል ቦታ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ» ይላል። ይህን ቃል የሰማ ሰው እጁን አንሥቶ እንደሆነ ያወርዳል። እግሩን አንሥቶ እንደሆነ ይተክላል። ከዚያም ሽማግሌ ይመጣና የከሳሹን ነጠላ ጫፍ ከተከሳሹ ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥራል። ቁራኛ ይሉታል። እንደ ተቆራኙም ወደ ዳኛው ይሄዳሉ። ቋጠሮው ዳኛው ካልፈረደ ወይም እነሱ ካልታረቁ አይፈታም። ስንቁም ሕግ አለው። ከሳሽ በሶ ይይዛል፣ ተከሳሽ ውሃ ይይዛል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። በሶ ያለ ውሃ አይዋጥም። ውሃም ያለ በሶ ሆድ አይሞላም።

ከዚያም ይሄዳሉ። አንደኛው ሲቆም ሌላው ይቆማል። አንደኛው ቁጥቋጦ ሥር ቁጢጥ ሲል ሌላው ፊቱን አዙሮ ይጠብቃል።

አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች በአውራ ዶሮ ተጣልተው ሄዱ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሲደርሱ አንደኛው፦ «ለመሆኑ ዶሮው ምን አደረገህ?» አለ። ሌላው፦ «ጠላዬን ደፋው መሰለኝ፤ አሁንስ ረስቼዋለሁ» አለ። ተመለሱ። ዳገቱም ዶሮ ዳገት ተባለ። ሌላ ጊዜ አማትና ምራት ተቆራኝተው ሄዱ። አንድ ወንዝ ላይ ሲደርሱ ስለ ልጅየው ስንፍና ማውራት ጀመሩ። በዚያ ነገር ተስማሙና እየሳቁ ተመለሱ። ወንዙም ምራት ወንዝ ተባለ። ሁለት ወንድማማቾችም በኮርማ ተጣልተው ሦስተኛው ቀን ድረስ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ታናሽየው እግሩ ቆሰለና ታላቅየው አዝሎት ተመለሰ። ተራራውም ኮርማ ተራራ ተባለ። ከኮርማ ተራራ ወዲያ ግን ስም ያለው ቦታ የለም። ማንም አልደረሰማ።

የተመለሱትም መንደር ሲገቡ፦ «ይህ እንዴት ያለ ዳኛ ነው? ፊቱን ሳናይ ፈረደልን» ይላሉ። ሰውም ይደነቃል። «ሌላ አገር ደጅ ጠንተህ፣ እጅ ነስተህ፣ ጉቦ አብልተህ ነው። የኛ ዳኛ ከተቀመጠበት ሳይነሣ በሦስት ቀን መንገድ ይፈርዳል» ይላል። ሴቶቹ ሲምሉ «የመንበር ሜዳው ይየኝ» ይላሉ። ጢሙ ጉልበቱ ይደርሳል የሚሉ አሉ። አይተኛም የሚሉም አሉ። ያየው ግን የለም። እንዲህ ያለ ነገር እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

በዚያ አገር ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። አንዲት ቁራጭ መሬት አለቻት። ማሽላ ትዘራባታለች፣ ከዚያች ሌላ ምንም የላትም። ከመሬቷ አጠገብ ጓንጉል የሚባል ሰው ያርሳል። ጓንጉል አራት በሬዎችና ሰባት ወንዶች ልጆች አሉት። በየዓመቱም ሲያርስ ሦስት ሦስት ትልም ድንበሯን ይገፋል። ሦስት ትልም ምን አላት ትሉ ይሆናል። በስድስት ዓመት አሥራ ስምንት ትልም ነው። በሰባተኛው ዓመት ግንቦት ላይ የድንበሩን ድንጋይ ነቀለና ከጎጆዋ ደጃፍ አምጥቶ ተከለው።

ደብሪቱ ወጥታ ብታይ የቀራት መሬት አንድ ቁርበት ቢነጠፍበት ያልቃል። ያን ክረምት ካልዘራች ልጆቿን ይዛ ገደሉን መውጣትና ሰው ቤት ማደር ነው።

እሷም፦ «አያ ጓንጉል፣ ይህ ድንጋይ እግር አወጣ እንዴ?» አለችው።

ጓንጉልም፦ «በርዶት ይሆናል። ካንቺ እሳት ሊሞቅ መጥቶ ነው» አላት። ሰባቱ ልጆቹም ሳቁ።

ደብሪቱም፦ «በሕግ አምላክ» አለች።

ጓንጉል ቆመ። ሰባቱ ልጆቹ ቆሙ። በሬዎቹም ቆሙ ይባላል። በሬ ሕግ ያውቃል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ከበሬ ጋር ተማክሬ አላውቅም፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከዚያም አባ ክንዴ የሚባሉት የመንደሩ ሽማግሌ መጡና ነጠላቸውን ቋጠሩ። ደብሪቱ በሶ ያዘች። ጓንጉል የውሃ ቅል ያዘ። ሄዱ።

ዶሮ ዳገት ላይ ሲደርሱ ደብሪቱ፦ «አያ ጓንጉል፣ ውሃውን አምጣና በሶ ጨብጠን እንብላ» አለች።

ጓንጉልም፦ «እኔ በሶ አላማረኝም» አለ። ከዚያም ወገቡን ከታጠቀበት ድግ ሥር አንድ ከረጢት ቆሎ አወጣና መቆርጠም ጀመረ። በላዩም ውሃውን ጠጣ።

እሷም፦ «ለኔስ ውሃ?» አለች።

እሱም፦ «ሕጉ ተከሳሽ ውሃ ይያዝ አለ። ይኸው ይዣለሁ። ያጠጣ አላለም» አለ።

አያችሁ ልጆቼ የሰው ልጅ ብልሃት። ከአባት ከአያት ጀምሮ በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ይህ አልታየውም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሹም በሌለበት አገር ተወልዶ መቅረቱ ያሳዝናል። ከገደሉ በላይ ቢወለድ ስንት አገር ይገዛ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ምራት ወንዝ ደረሱ። ግንቦት ነውና ወንዙ ድንጋይ ብቻ ነው። ደብሪቱ ደረቅ በሶ አፏ ውስጥ አደረገች። ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ተፋችው።

ጓንጉልም፦ «ደብሪቱ፣ ታርቄያለሁ በይና እንመለስ። ውሃም ትጠጫለሽ» አላት።

እሷም፦ «ድንጋዩስ?» አለችው።

እሱም፦ «ድንጋዩ ከተመቸው ቦታ ይኑር» አለ።

እሷም መንገዷን ቀጠለች። እሱም ታስሯልና ተከተለ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ካፊያ ጣለ። ደብሪቱ ነጠላዋን ዘርግታ አረጠበችና ጨምቃ ጠጣች። ከዚያም ኮርማ ተራራን አለፉ። ከዚያ ወዲያ ስም የለም። ዳገቱ ዳገት ብቻ ነው። ወንዙ ወንዝ ብቻ ነው። ሰው ተጣልቶ የታረቀበት ቦታ ስላልሆነ የሚጠራበት ምክንያት አላገኘም። ወፎቹም ሰው አይተው ስለማያውቁ አልሸሹም፤ ዝም ብለው አዩአቸው። ጓንጉል ማፏጨቱን ተወ። ቆሎውም አለቀ። የቋጠረው የሦስት ቀን ነበር፤ ከሦስት ቀን በላይ የሄደ ሰው መች ያውቃል?

በአራተኛው ቀን መንበር ሜዳ ደረሱ። ሜዳው ዳር የለውም። ሣሩ ወገብ ይውጣል። መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው ሥር አንዲት ባልቴት የቤት ክዳን ሣር ታጭዳለች። ሌላ ሰው የለም።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ደብሪቱም፦ «እናቴ፣ ዳኛውን ፈልገን ነበር፤ አቤት ልንል ነው» አለች።

ባልቴቷም፦ «የቱን ዳኛ?» አለች።

«የመንበር ሜዳውን።»

ባልቴቷም ወገቧን ቀና አደረገችና አሰበች። «አዎ፣ አንድ ዳኛ ነበረ ትለኝ ነበር አያቴ። ከዚህ ሾላ ሥር ተቀምጦ ሦስት ዓመት ባለጉዳይ ጠበቀ አሉ። አንድም ሰው ብቅ አላለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ብርድ መታኝ እንጂ ምን ፈረድኩ ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። ያ ከሆነ አሁን መቶ ዓመት አይሆነውም ብላችሁ ነው?» አለችና ሣሯን ተሸክማ ሄደች።

ደብሪቱ ባለችበት ቁጭ አለች። ጓንጉል ግን ሳቀ። ሜዳው ሙሉ እስኪሰማ ሳቀ። ከዚያም ቢላውን መዘዘና የነጠላውን ቋጠሮ ያዘ።

«ዳኛ ከሌለ ሕግም የለ። እኔ ይህን ቆርጬ አገሬ እገባለሁ፣ ፈረደልኝ እላለሁ። አንቺም ከፈለግሽ ሣር እጨጂ» አለ።

ደብሪቱም ድምፅዋ ደርቆ፦ «በሕግ አምላክ» አለች።

እጁ ቆመ።

እስቲ ልብ በሉ። ዳኛ የለም። ሽማግሌ የለም። ባልቴቷም ሄዳለች። የሚያይ ቢኖር ወፍ ነው። እሱ ቢላ አለው፣ እሷ ባዶ እጇን ናት፣ ጥማት አድክሟታል። ያ ቢላ ግን አልወረደም፣ ጨርቁንም አልነካም። ጓንጉል እጁን አየው። የሰው እጅ እንደሚያይ አየው። «ምን ሆነ ይሄ?» አለ። እኔም ምን እንደሆነ አላውቅም። ከገደሉ በላይ ያሉት ሊቃውንት እጅ የሚቆመው ሌላ እጅ ሲይዘው ነው ብለዋል። ምናልባት ለጓንጉል እጅ ያን ቀን አልተነገረው ይሆናል።

ደብሪቱም፦ «አያ ጓንጉል፣ ልጆችህ ስንት ናቸው?» አለችው።

«ሰባት።»

«አንተስ ስንት ነህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? አንድ ነኛ።»

«በሬዎችህስ?»

«አራት።»

እሷም፦ «እንግዲህ አገርህ ግባና ፈረደልኝ በል፤ እኔም ዳኛ የለም እላለሁ። እኔ እንደሆንኩ አንዲት መሬት ናት ያለችኝ፣ ወስደኻታል። አንተ ግን በዚያች ማታ ከሰባት ጎረምሳና ከአራት በሬ ጋር ትተኛለህ። አራት ለሰባት እንዴት እንደሚካፈል የሚያሰሉ ይመስለኛል። ሲያሰሉም አንተን ጨምረው አይቆጥሩህም» አለችው።

ጓንጉል አሰበ። ትልቁ ልጁ ሰሞኑን «አባዬ፣ አሁንስ ደክመሃል» ይለው ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ለአባቱ ያሰበ መስሎት ነበር። ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰና ከሾላው ሥር ተቀመጠ። ከዚያም ቅሉን አንሥቶ ሰጣት።

እሷም ጠጣች። በቀረው ውሃ በሶ ጨበጠችና ግማሹን ሰጠችው። ጓንጉል ረኃብ ሲያንገበግበው ነበርና ጣቱን ላሰ።

«ምን ብለን እንገባለን?» አለ።

«ደረስን። ፈረደ። ድንጋዩ ወደ ጥንት ቦታው ይመለስ አለ እንላለን።»

«ጢሙን ቢጠይቁንስ?»

«ረጅም ነው እንበል። አጭር ብንል ያዝናሉ።»

ተመለሱም። ገደል ግቢ ሲሰማ ሥራ ተፈታ። የዳኛውን ፊት ያየ ሰው መጣ ተባለ። አባ ክንዴም ቋጠሮውን ፈቱ። ድንጋዩም ተመለሰ። አሥራ ስምንቱም ትልም ተመለሰ። ደብሪቱ በሬ ተበድራ አረሰች፣ ዘራች። ማሽላውም በቀለ።

እዚህ ላይ ተረቱ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ጓንጉል አለ።

ሰው ማታ ማታ ጓንጉል ቤት ይሰበሰብ ጀመር። ዳኛውን ንገረን ይሉታል። ጠላ ያመጡለታል። እሱም መጀመሪያ ጢሙን ነገራቸው። በሳምንቱ ዓይኑን ነገራቸው። ከዚያም አንድ ማታ፦ «ስለ እናንተም ጠይቆኛል» አለ። ሰውም ተጠጋጋ። «ለዳኛ ክብር ሲባል ከየቤቱ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን የጓንጉልን እርሻ ይረስ ብሏል» አለ። ሰውም ማረስ ጀመረ። ማሽላው ሲያሸት ደግሞ፦ «ዳኛው ለጎተራ የሚያምነው እኔን ነው። ሴት ብቻዋን ጎተራ መጠበቅ አትችልምና የደብሪቱን እህል ጓንጉል ሰብስቦ በእጁ ያኑረው፣ እየሰፈረ ይስጣት ብሏል» አለ።

እነሆ ልጆቼ፣ በቅሎ ሳትወርድ ሹም መጣ። እዚያው በቀለ።

ደብሪቱ ያን ሌሊት በጨለማ ጨነቃት። ዳኛ የለም ብትል ድንጋዩ እንደገና እግር ያወጣል፤ የሚያቆመው የለም። ዳኛ አለ ብላ ዝም ብትል ማሽላዋ ጓንጉል ጎተራ ይገባል፤ ልጆቿም እሱ እየሰፈረ የሚሰጣቸውን ሲለምኑ ያድጋሉ። ሲነጋ አባ ክንዴ ቤት ሄደች። ሰው እንዲጠራ አደረገች። አርባውም ጎጆ ወጣ።

እሷም፦ «አያ ጓንጉል፣ በሕግ አምላክ። እኔም ዳኛውን አይቻለሁ። ለኔ እንዲህ አላለኝም። ማን ልክ እንደሆነ እሱን እንጠይቀው፤ እንቆራኝ» አለች።

ጓንጉልም ፈገግ አለ። ዘንድሮ የስምንት ቀን ቆሎ እንደሚቋጥር ያውቃል። «እሺ፣ ካንቺ ጋር መሄድ ለምጄዋለሁ» አለ።

ደብሪቱም፦ «እኔ ብቻ አይደለሁም ከሳሽ። እርሻህን የሚያርስ ሁሉ ቃልህ የዳኛው ቃል መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። ደግሞ ማን የዳኛውን ፊት ማየት የማይፈልግ አለ?» አለች።

ሰውም ተንጫጫ። «እውነቷን ነው፣ እኛም እንየው» አለ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሮጠና በሶውን ይዞ መጣ። ነጠላም ከነጠላ ጋር መቋጠር ተጀመረ። አርባ ሰው በአንድ ገመድ እንደ ተሰካ ዓሣ ተሰለፈ፤ መጨረሻው ላይ ጓንጉል አለ።

ከዚያም አባ ክንዴ፦ «ከሳሽ በሶ ይዟል። ተከሳሽ ውሃ ይያዝ። ሕግ ሕግ ነው» አሉ። ቅሎቹም መጡ። አርባ ቅል ከጓንጉል እግር ሥር ተደረደረ።

ጓንጉል ቅሎቹን አያቸው። «አባ ክንዴ፣ ይህን በቅሎ እንኳ አይችለውም» አለ።

አባ ክንዴም፦ «የኛ ሰው ውሃ በብዙ ሆኖ ተከፋፍሎ ተሸክሞ ያውቃል። ሰባት ልጆች አሉህ፣ ያግዙህ» አሉ።

ጓንጉልም ዞሮ ልጆቹን ቢፈልግ ከወዲያ በኩል ቆመዋል። በየእጃቸው በሶ ይዘዋል። ትልቁ ልጅም መሬት መሬት እያየ፦ «አባዬ፣ እኛም ብንሄድ ይሻላል ብለን ነው። ስለ በሬዎቹ የምንጠይቀው አለን» አለ። አርባ ሰባት ቅል ሆነ።

ጓንጉል መንገዱን አየ። በመንገዱ መጨረሻ አንድ ሾላና ሣር ብቻ እንዳለ ያውቃል። አርባ ሰባት ሰው ያን ሾላ ሲያይ ምን እንደሚሆንም አሰበ። ደብሪቱን አያት። እሷም አየችው።

ከዚያም ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገና፦ «ለነገሩ ያን ቀን ነፋስ ነበረ። ዳኛውም ድምፁ ቀጭን ነው። ምናልባት ያላለውን ሰምቼ ይሆናል» አለ።

«ማሽላውስ?» አለች ደብሪቱ።

«ማሽላሽን አንቺው ሰብስቢው።»

«የእርሻው ቀንስ?» አሉ አርባው።

«ልጆቼ ይበቁኛል። የበሬውን ነገር ከነሱ ጋር እንነጋገራለን።»

ከዚያም አባ ክንዴ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና፦ «ኧረ ይህ እንዴት ያለ ዳኛ ነው?» አሉ። «ድሮ ዳገቱ ጋ ይፈርድ ነበር። ወንዙ ጋ ይፈርድ ነበር። ዛሬ ደግሞ አንድ እርምጃ ሳንሄድ፣ ገና ከደጃችን ሳንነሣ ፈረደ።» ሴቶቹም እልል አሉ። አንዳንዱም በፍርሃት ወደ መንበር ሜዳ አቅጣጫ ሰገደ።

አባ ክንዴም ወደ ደብሪቱ ዘወር አሉና፦ «አንቺ ልጄ፣ ጓንጉል ነፋስ ነበረ ይበል። አንቺ ደኅና አይተሽዋል። እውነቱን ንገሪን፤ ምን ይመስላል?» አሏት።

ደብሪቱ አርባ ሰባቱን አየቻቸው። ነጠላቸው ተያይዟል፣ በእጃቸው በሶ አለ፣ ሁሉም እሷን ያያሉ። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከዚያም፦ «ብዙ ነው» አለች።

«ብዙ ነው?»

«አዎ። ብዙ ነው።»

ሰውም እጅግ ፈራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንበር ሜዳው ዳኛ አርባ ሰባት ራስ እንዳለው ይነገር ጀመር። ለሕፃናትም ለሽማግሌዎችም ተነገረ። ጓንጉልም ሲነገር ይሰማል፤ አይስቅም። ደብሪቱም ማሽላዋን አጭዳ፣ ወቅታ፣ ጎተራዋ ውስጥ አስገባችና መክደኛውን በራሷ እጅ ጭቃ መረገች።

ከዚህ ተረት የምትማሩት ልጆቼ፣ ሰው ያለ ገዢ ፈጽሞ መኖር እንደማይችል ነው። ገደል ግቢዎች ያን የመሰለ ዳኛ ባይገዛቸው ኖሮ ጠፍተው ነበር። እዚያ ሄጄ ላየው ምኞቴ ነው፤ ግን አንድም የሚጣላኝ ሰው እስከ መጨረሻው አብሮኝ አልሄደም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱ። ቂጣ ከሌለ የማሽላ እሸትም ይሆናል፤ ግን ፈልፍላችሁ ስጡኝ፣ የቀረኝ ጥርስ በግራ በኩል ነው።